ገብስ የማይገባበት ቤት

ሱሉልታ ውስጥ ጩኮ የሚፈልግ ሰው ያለምወርቅን ሳይጠይቅ አይሄድም። ሠርግ የደገሰ፣ አራስ የሚጠይቅ፣ ልጁን ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚልክ፣ ሁሉም ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ገብሱን ራሷ ትመርጣለች፣ ራሷ ትቆላለች፣ ዱቄቱን በተነጠረ ቅቤ ስታሸው እጇ እስከ ክርኗ ይወዛል። ከቤቷ አጠገብ ያለችው የልብስ ስፌት ቤት የእኔ ናት። የጩኮው ሽታ ከምሰፋው ልብስ ስለማይለቅ ደንበኞቼ ቀሚሳቸውን ሲረከቡ ይርባቸዋል። ስለዚህ ስለ ያለም የምናገረው ከሰው አፍ የለቀምኩትን አይደለም። ከአሁኑ ልናገር፣ ለእሷ አደላለሁ። የማያደላ ሰው የፈለገ ሌላ ቤት ያንኳኳ።

ያለም ያላት አንድ ልጅ ናት፣ ላሊሴ። ያኔ ላሊሴ ስምንት ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ለሚያያት ግን ገና መዋዕለ ሕፃናት የምትሄድ ትመስላለች። እጅና እግሯ የቀጠነ፣ ሆዷ የተነፋ፣ ከንፈሯ የገረጣ። ትምህርት ቤት ሲሰለፉ ሁልጊዜ ከፊት የምትቆመው እሷ ነበረች። በልታ ብዙም ሳትቆይ ሆዷን ይዛ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች፣ የሚወጣትም ቅባት የበዛበትና ሽታው የማይቻል ነው። ይቅርታ ይደረግልኝ፤ በሽታ ሲወራ ንጹሕ ንጹሑ ብቻ ተመርጦ አይወራም።

የሰው ምላስ ደግሞ አያርፍም። ጩኮ ሊገዙ የመጡት ሁሉ ልጅቷን አይተው ከንፈር ይመጡና፣ ዞር ሲሉ የአገሩን ልጅ እያወፈረች የራሷን ታስርባለች ይላሉ። ቡዳ በልቷት ነው የሚልም አልጠፋም። ያለም ይህን ሁሉ ትሰማለች፣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ከዚያ ልጇን አዝላ ክሊኒክ ትሄዳለች። ክሊኒኩ ጃርዲያ ነው ይላል፣ ክኒን ይሰጣል። ከወር በኋላ ያው ጃርዲያ ነው፣ ያው ክኒን ነው። ጠበልም ወሰደቻት። ልጅቷ ግን ዕድሜዋ ይጨምራል እንጂ ቁመቷ አይጨምርም።

እማማ የሺወርቅ የያለም አማት ናቸው። ግቢው የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ከጓሮ ባለችው ቤት፣ ልጃቸው ቢቂላ ደግሞ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ከፊት ለፊቱ ቤት ይኖራሉ። ቢቂላ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ሚኒባስ ይነዳል። እማማ ከከተማው ወጣ ብሎ ለእኩል የሚያሳርሱት የገብስ ማሳ አላቸው፤ ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ሲሉም ቀልድ አያውቁም። ባላቸውን በገብስ ቀልበው፣ ልጃቸውን በገብስ አሳድገዋል። ላሊሴ በከሳች ቁጥር ጠዋት የሚያገነፉላት የገብስ ገንፎ ይወፍራል፣ መሐሉ ላይ የሚፈሰው ቅቤ ይጨምራል፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ኪሷ ውስጥ የሚያስቀምጡላት የጩኮ ድብልብል ያድጋል። እኛ አገር ፍቅር እንዲህ ነው። የከሳ ሰው ካየን ገብስ እናነሳለን። በዚህ ማንም ማንንም ሊወቅስ አይችልም፣ ሁላችንም እንዲያ ነበርን።

አንድ ክረምት ያለም የሠርግ ትእዛዝ በዛባትና ላሊሴን ተጂ ያለችው እህቷ ዘንድ ላከቻት። ተጂ ከሰበታ ማዶ፣ በጅማ መንገድ፣ መሬቱ ጥቁር ጭቃ የሆነ የጤፍ አገር ነው። እህቷ ቤት ጤፍና ሽምብራ እንጂ ሌላ እህል ብዙም አይገባም፤ ዳቦ እንኳ ዓመት በዓል ካልመጣ አይታሰብም። ላሊሴ ለእንቁጣጣሽ ስትመለስ ሁላችንም ወጥተን አየናት። ጉንጭ አውጥታለች። ሆዷ ጠፍቷል። አምና የሰፋሁላት ቀሚስ አጥሯት ነበር፣ እኔም በደስታ እልል አልኩ። የተጂ አየር ተስማማት ተባለ። እማማ የሺወርቅ በዚህ ተቀየሙ፤ ሯጩ ሁሉ ከዓለም ዙሪያ የሚጎርፈው ለሱሉልታ አየር አይደለም ወይ፣ አየራችን ምን ጎደለው አሉና እንኳን ደህና መጣሽ ብለው ገንፎ አገነፉላት።

መስቀል በቅጡ ሳያልፍ ሆዷ ተመልሶ ተነፋ።

ያለም የዚያን ሰሞን ሱቄ መጥታ ተቀመጠች፣ ሻይ አቀረብኩላት፣ አልጠጣችም። «መቅዲ፣ አየር ሆድ አይነፋም» አለችኝ። ስልክ አውጥታ እህቷን ጠራችና ልጅቷ ክረምቱን ምን ስትበላ እንደከረመች አንድ በአንድ ጠየቀቻት። እዚያ ያልነበረ እዚህ ያለ ምን እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ገብስና ስንዴ ነው። ስልኩን ዘግታ ሄደች፣ በማግስቱም ላሊሴ ከሁለቱ አንዱንም እንዳትቀምስ ከለከለች። ራሷ ግን ጩኮዋን ማሸቷን ቀጠለች። ልጅ ነው የሚጎዳው ብላ ነው፤ ማን ሌላ ጠረጠረ?

ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ የሆነው ጦርነት ነው። እማማ የሺወርቅ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ልጅ ከእህል የምትከለክል እናት አይተውም ሰምተውም አያውቁም። ጎረቤቱ ከእሳቸው ጋር ቆመ፣ ቢቂላ ከማንም ጋር ሳይቆም ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ያለም ግን ንቅንቅ አላለችም። ድስቱን ለየች። ወፍጮ ቤት ሄዳ ገብስ ከመፈጨቱ በፊት ጤፏ መጀመሪያ እንዲፈጭላት ጠየቀች፤ ባለወፍጮው አብዱሰመድ ተራ ነው ብሎ ሳቀባት፣ እሷም ተራውን ከሁሉም ቀድማ እየመጣች ያዘችው። ላሊሴ ተመልሳ ደህና ሆነች። እኔም በሩን ከፍቼ ለሰፈሩ ሁሉ ይኸው እዩ ማለት ያምረኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ልጅቷ ሳይታሰብ እንደገና ከሳች። ያለም ግራ ገባት። ድስቱን መረመረች፣ ጤፉን ቀየረች። ራሷንም መጠራጠር ጀመረች፤ እንዲያ አንገቷን ደፍታ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩ የተገለጠው በጥር ማርያም ማኅበር፣ እማማ የሺወርቅ ቤት ነው። ተራው የእሳቸው ስለነበር ግቢው ሞልቷል፣ ጠላው ጥሩ ወጥቶላቸዋል። አንዷ ላሊሴን አይታ ምነው ከሳች አለች። እማማ ሞቅ ብሏቸው ነበርና ደረታቸውን መታ አድርገው፣ ይህችም እስከ አሁን የቆየችው በእኔ ነው አሉ። እናቷ ጤፍ ጤፍ ስትል ካለፈው ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጩኮውን ደብቄ ኪሷ የምከተው እኔ ነኝ ብለው ተናገሩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ማለት ይኸው ነው።

ያለም የተቆረሰውን ድፎ የያዘ መሶብ ተሸክማ ነበር። ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ቄሱም እዚያው ተቀምጠዋል።

«እማማ» አለች፣ «አንቱ ልጄን እንደሚወዷት አውቃለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን ገብስ አፏ ካስገቡ፣ ልጄን ይዤ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ። አልመለስም።»

አማትን በማኅበር ፊት እንዲህ ማለት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። እማማ የሺወርቅ ተነስተው ጓዳ ገቡ፣ እንግዳው ጫማውን እየፈለገ ወጣ። ቢቂላ ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ አሰበና ለሁለቱም የሚሆን ፍርድ ሰጠ። ሐኪም በመሣሪያ አይቶ ይንገረን አለ። ገብስ ነው ካለ እናቴን እኔ ራሴ አስቆማለሁ፤ በሽታው ሌላ ነው ካለ ግን ያለም ዝም ትላለች፣ ልጅቷም ከአያቷ ጋር እንደ ድሮዋ ትበላለች። ያለም እሺ አለች። እኔ ፈራሁላት። ሐኪሙ ገብስ አይደለም ካለ ልጅቷ ወደ ገንፎው መመለሷ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ሆስፒታል የሕፃናት የሆድ ዕቃ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ የተገኘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እስከዚያ እማማ ስላኮረፉ ገንፎውም ጩኮውም ቀረ፣ ላሊሴም ተመልሳ ጉንጭ አወጣች። በቀጠሮው ቀን አራት ሆነን ሄድን፤ ያለምና ላሊሴ፣ እኔ፣ እንዲሁም ማንንም አላምንም ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመው ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጡት እማማ የሺወርቅ።

ዶክተር ጣቢታ ልጅ እግር ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ያለምን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከእህል የሚመጣ እንዲህ ያለ በሽታ በእርግጥ አለ አለቻትና ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። የትንሹ አንጀት የውስጥ ሽፋን በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ የተሠራ ስስ ግድግዳ ነው። ሕዋሳቱ ጎን ለጎን ተሰፍተው የተያያዙ ናቸው፤ የሚጠቅመውን መርጠው ያስገባሉ፣ ጎጂውንና በቅጡ ያልተፈጨውን እዚያው ያስቀራሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ግሉተን የሚባል ነገር ያንን ስፌት ያላላዋል። ሾልኮ ይገባል። ውስጥ ያሉት የሰውነት ጠባቂዎች ጠላት መጣ ብለው ይነሱና የራሳቸውን ግድግዳ ይደበድባሉ። ግድግዳው በተመታ ቁጥር ስፌቱ ይላላል፣ ስፌቱ በላላ ቁጥር ሌላ ይገባል። ስፌት መተርተር ሲጀምር ምን እንደሚሆን ለእኔ መንገር አያስፈልግም፤ አንዱ ክር ከተበጠሰ ቀሪው በራሱ ነው የሚሄደው።

ግድግዳው ደግሞ ልሙጥ አይደለም አለች። እንደ አዲስ ፎጣ ፀጉር አለው፤ ምግቡን የሚጠጣው በዚያ ፀጉር ነው። ሲታመም ፀጉሩ ይረግፋል። ያለቀ ፎጣ ውሃውን ከዚህ ወደዚያ ይገፋዋል እንጂ አይጠጣውም፣ እንዲያ ነው። ስለዚህ ልጅ ጠግባ እየበላች ትራባለች፤ ቅባቱም ለደም የሚያስፈልገው ብረትም አልፎ ይሄዳል። እማማ የሺወርቅ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ። ጤፍስ ብለው ጠየቁ። ጤፍም በቆሎም ማሽላም ሽምብራም ይህ ነገር የለባቸውም አለቻቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ለማን እንደነቀነቁ ግን አልገባኝም።

የላሊሴ ደም ውጤት ሲመጣ አዎም አይደለምም የማይል ሆነ። ዶክተሯ ምክንያቱን ነገረችን። ልጅቷ ገብስና ስንዴ ካቆመች ወራት አልፈዋል፤ ካቆመች ግድግዳው ራሱን ይጠግናል፣ ደሙም ይረጋጋል። በእርግጠኝነት ለማወቅ ለተወሰኑ ሳምንታት በየቀኑ ገብስ ወይም ስንዴ መብላት አለባት፣ ከዚያ ደሟ እንደገና ይታያል፣ በካሜራም አንጀቷ ይታያል። ያለም ሳትመረመር ቸኩላ በማስቆሟ ማስረጃውን አጥፍታዋለች ማለት ነው፤ ዶክተሯ ይህን ሳትወቅሳት፣ በደግ አነጋገር ነው የተናገረችው።

እማማ የሺወርቅ ፊታቸው በራ። ሐኪሟ ራሷ ጩኮ አዘዘች አሉ። እኔ እንኳ፣ ለያለም የማደላው፣ ምናለ ለጥቂት ሳምንት ብትበላና ነገሩ ቢለይለት ብዬ አስቤ ነበር። ያለም ግን ላሊሴን ወደ ራሷ ሳበቻት።

«ቁስሉ እንዲታይ ብዬ ልጄን ዳግም አላቆስልም» አለች። «ጤነኛ ሆናለች። ለማንም ብዬ አላሳምማትም።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ይህ መብትዎ ነው፣ ግን እርግጠኛ ነኝ ብዬ መናገር አልችልም አለቻት። ከዚያም በሽታው በዘር የሚሄድ ስለሆነ ከቤተሰቡ የሆድ ሕመም ያለበት ሌላ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ያለም የለም አለች፤ ተናዳለችና ወዲያው እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰበሰበች። «የሚፈልጉት ገብስ የሚበላ ሰው ደም ከሆነ የኔን ይውሰዱ። ጩኮ ሠሪ ነኝ፤ ሳልቀምስ የምሸጠው የለም። የልጄን አይንኩ።»

ይህን ያለችው በእልህ ነው። በሽተኛ ነኝ ብላ አይደለም። ዶክተሯ ግን የተዘረጋውን ክንድ ያዘችና ጥፍሯን አየች፣ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች። ደም ማነስ አለብዎት ወይ አለቻት። ከልጅነቴ አለች ያለም። አፍዎ ይቆስላል? ይቆስላል። ከላሊሴ በኋላ ፀንሰዋል? ያለም ሁለቴ እንደጨነገፈባት ተናገረች። ሆዷ መነፋቱን፣ አመሻሹ ላይ ጉልበቷ መክዳቱን የሥራ ድካም ነው ስትለኝ ኖራለች፣ እኔም ጎንበስ ብላ ስለምትውል ነው እላት ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሴቶች ሁሉ እሷን ማየት ጀመርን።

የያለም ደም አወላዋይ አልነበረም። ወደ አዋቂዎች ሐኪም አስተላልፈዋት ቀጭን ካሜራ ዋጠች፤ ውጤቱን ልትሰማ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ውጤቱ ለዶክተር ጣቢታም ተልኮላት ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን አስቀመጠችልን። አንደኛው የጤነኛ ሰው ነው፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ራቁቱን ነው፤ ልሙጥና የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ደረቀ መሬት።

«ይሄ የኔ ነው?» አለች ያለም።

የእሷ ነበር። እሷ ግን ስለ ራሷ ሌላ አልጠየቀችም፣ ታዲያ ልጄስ አለች። ዶክተሯ መለሰችላት። የእናቷ ከተረጋገጠ፣ ልጅቷም ስታቆም ድና ስትጀምር የምትታመም ከሆነ፣ ገብስ አብሉልኝ ብላ እንደማትጠይቅ፣ እንዳቆመች እንድትቀጥልና በየጊዜው እንደምታያት ነገረቻት። ከዚያ ግን ሌላውንም ተናገረች። ከዛሬ ጀምሮ ያለምም መቅመስ አትችልም። ዱቄቱም ቤት ውስጥ መቦነን የለበትም፤ ሁለቱንም ለማሳመም ቁንጣሪው ይበቃል።

ስንመለስ ያለም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ድንገት ዞር ብላ፣ «አሸንፌያለሁ አይደል? ጩኮዬ ቀረ እንጂ አሸንፌያለሁ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር፣ ፊቷን ግን ወዲያው ወደ መስኮቱ መለሰች። ምን ልበላት? ያን ጩኮ ከእናቷ ነው የተማረችው፤ ሱሉልታ ላይ ስም ያወጣላትም እሱ ነው። እኔ መርፌና ክር ተከለከልሽ ብባል ምን እንደምሆን አላውቅም።

ቢቂላ ቃሉን አላጠፈም። እናቱ ቤት ገብቶ «አዮ፣ ጋርቡን ሃ ሃፉ» አላቸው፤ እማዬ፣ ገብሱ ይቅር ማለቱ ነው። እማማ የሺወርቅ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ብዙ ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገሩም፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በምርኩዛቸው ይጭራሉ።

የሰፈሩ ሴቶች ግን አላረፉም። በሚቀጥለው ማኅበር ያለም የራሷን የጤፍ ቂጣ ይዛ ሄደች። አንዷ የተባረከ ዳቦ ማንንም አይጎዳም፣ ይህ የእምነት ማነስ ነው አለቻት። ያለም ዓይኗን አልሰበረችም። «አንጀቴን የሠራው እሱ ነው፤ የማይችለውን እሱ ያውቃል» አለች። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ስለ ቁርባኑ ከንስሐ አባቷ ጋር የተነጋገረችው በእነሱ መካከል ነው፤ እኔ አልጠየቅኳትም፣ ማንም ቢጠይቀኝም አልመልስም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት የተቀበለችው የቡራዩ ሠርግ ትእዛዝ ነበረባት፣ ተቆልቶ የተፈጨው ገብስም በጆንያ ተቀምጧል። ሙሽራው ቤት ደውላ አልችልም ልትል ስልኳን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ሳለ እማማ የሺወርቅ ከጓሮ መጡ። ጆንያውን ጎተቱት። ጩኮው የሚታሽበትን የእንጨት ቆሪ፣ ቅቤውን፣ ወንፊቱን፣ ገብስ የነካውን ሁሉ እየተመላለሱ ወደ ራሳቸው ቤት አጋዙ። ላግዝዎ ብላ ያለም ስትጠጋ ምርኩዛቸውን አነሱባት።

«የሰጠሽውን ቃል አታጥፊም» አሏት። «እኔ አሸዋለሁ። አንቺ ከደጅ ሆነሽ ንገሪኝ። እንዳትገቢ።»

ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ሄጄ አየሁ። እማማ የሺወርቅ ሲያሹ፣ ያለም ግቢው መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ቅቤው ይጨመር፣ አሁን ይበቃል፣ እንዲያ አይደለም፣ በመዳፍዎ ይጫኑት። እሳቸው እያጉረመረሙ ያደርጋሉ። እኔ ለያለም ስለማደላ በደንብ ነው የሳቅኩት።

በዚህ መሐል ላሊሴ ከትምህርት ቤት ገባች። እንደ ሁልጊዜው ቦርሳዋን ጥላ አኮ፣ አኮ እያለች ወደ አያቷ ሮጠች። እማማ የሺወርቅ እስከ ክርናቸው በቅቤና በዱቄት የተለወሱትን እጆቻቸውን ወደ ላይ አንስተው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ቆዪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። «ልጄ፣ አትንኪኝ። መጀመሪያ ልታጠብ።»

ወደ ቧንቧው ሄዱ። በሳሙና ታጠቡ፣ እንደገና ታጠቡ፣ ጥፍራቸውን በጥፍራቸው እየፈለቀቁ አጸዱ። ነጠላቸውን አውልቀው አራገፉና አጥሩ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ እጃቸውን ለያለም ዘርግተው አሳዩአት። ያለም አይታ ራሷን በእሺታ ስትነቀንቅ ብቻ ወደ ልጅቷ ዞረው ክንዳቸውን ከፈቱ። ከማኅበሩ ቀን ጀምሮ እንባ ያልወጣት ያለም ያኔ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ላሊሴ ግን አያቷ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ስለ ትምህርት ቤት ታወራ ነበር።